ጥርሱ ያለቀ የጭነት መኪና ጎማን በራስ እጅ መቁረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራ መኪና ጎማ ይበላል። ጭቃው፣ ድንጋዩና ጭነቱ ተባብረው ጥርሱን ይጨርሱታል። አዲስ መግዛት ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ «በጋለ ቢላ ራሴ ብቆርጠውስ?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይገርምም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ለዚሁ ተብለው የሚሠሩ ጎማዎች አሉ። ግን አንድ ሚሊሜትር ማለፍ ጎማውን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የምጠየቃቸውን ሰብሰብ አድርጌ ከታች መልሻለሁ።

ጎማ መቁረጥ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ሰው እነሱን ሲያደባልቅ ነው።

አንዱ ቦይ ማጥለቅ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ጥልቀቱ ሲያልቅ፣ በጋለ ቢላ ወደ ታች ይቆረጣል። ሪግሩቪንግ የሚባለው ይሄ ነው። ሁለተኛው ጥርስ መቅረጽ ነው። የቦዩ ወለል አይነካም። ጥርሱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፣ ይጠባል፣ ወይም ጭራሽ ይነሳል። ሦስተኛው መብጣት ነው። ጎማ ተቆርጦ አይወጣም። ጥርሱ ላይ በቀጭን ምላጭ መስመር ይሰነጠቃል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ከቦዩ ወለል በታች ጥቂት ሚሊሜትር ጎማ አለ። ከእሱ በታች የሽቦ ቀበቶዎቹ ይጀምራሉ። ያቺ ስስ ጎማ ሽቦውን ከድንጋይና ከውሃ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጥርስ ስትቀርጹም ሆነ ስትበጡ አትነኳትም። ቦይ ስታጠልቁ ግን የምትቆርጡት እሷን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለተወሰኑ ጎማዎች ብቻ የሚፈቀድ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ትንሽ ሰፋ ያለ ነፃነት አላቸው።

የእኔ ጎማ ቦዩ እንዲጠልቅ የተሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የጎማውን ጎን አንብቡ። እንዲቆረጥ ታስቦ የተሠራ ጎማ «ሪግሩቨብል» (REGROOVABLE) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጎኑ ላይ ታትሞበታል። ይህ ጽሑፍ ያለበት ጎማ ከቦዩ በታች ተጨማሪ ጎማ ተደርጎለት የተሠራ ነው። የትልልቅ ጭነት መኪናና የአውቶቡስ ጎማዎች ብዙ ጊዜ አላቸው። የቤት መኪናና የፒክአፕ ጎማዎች የላቸውም።

ጽሑፉ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሚያወጣው የመረጃ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ስንት ሚሊሜትር መቁረጥ እንደሚቻል፣ የቢላውን ስፋትና የመስመሩን ቅርጽ ታገኛላችሁ። ያንን ሳታገኙ ቢላውን አትሰኩ።

ከዚያ ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ረጅም ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ማለት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ቢላውን ይታገላል፣ ከቆረጣችሁት ቦታ ጀምሮም ይሰነጠቃል።

ጽሑፉ የለውም፣ ግን ወፍራም ይመስላል። ትንሽ ባጠልቀውስ?

አይሆንም። ከውጭ አይቶ ውፍረቱን መለየት አይቻልም። አንዳንዱ የጭቃ ጎማ ጥርሱ እንደ ጡብ ወፍራም ሆኖ ከቦዩ በታች ያለው ጎማ ግን ከጫማ ሶል የሳሳ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ላይ ጥርስ መቅረጽና መብጣት ትችላላችሁ። ከቦዩ ወለል በታች ግን አትውረዱ።

ስንት ሚሊሜትር ልቁረጥ?

የዚህ ሁሉ ነገር ልቡ ይህ ጥያቄ ነው። ረጋ ብለን እንየው።

ቦይ ለማጥለቅ በተሠሩ የጭነት መኪና ጎማዎች ላይ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የራሳችሁን ጎማ ቁጥር ያዙ። ከቆረጣችሁ በኋላ ከሽቦው በላይ የሚቀር ጎማ መኖር አለበት። የአሜሪካ ደንብ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ከአዲሱ ቦይ በታች ከክሩ (ጎማው ውስጥ ካለው የሽቦ ወይም የጨርቅ ድር) በላይ ቢያንስ 2.4 ሚሊሜትር ጎማ መቅረት አለበት። እዚያው ደንብ ላይ የቦዩ ስፋትም ተወስኗል፤ ከ5 ሚሊሜትር ገደማ እስከ 8 ሚሊሜትር ገደማ። በሌላ አገር ብትሆኑም 2.4 ሚሊሜትሯን እንደ ግድግዳ ቁጠሯት።

አሁን ስሌቱ። የቢላው ጥልቀት የሚለካው ከጥርሱ ጫፍ ነው እንጂ ከቦዩ ወለል አይደለም። መሣሪያው የሚንሸራተተው በጥርሱ ጫፍ ላይ ነዋ። ስለዚህ የቢላው ጥልቀት ማለት የቀረው የቦይ ጥልቀት ሲደመር አምራቹ የፈቀደው ቁጥር ነው። የቀረው 3 ሚሊሜትር ቢሆንና አምራቹ 3 ቢፈቅድ፣ ቢላው 6 ሚሊሜትር ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ጎማ እኩል አያልቅም። አንድ ቦታ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀርቶ ሌላ ቦታ ላይ 2 ሊሆን ይችላል። ቢላውን 6 ላይ አድርጋችሁ 2 ሚሊሜትር በቀረው ቦታ ስታልፉ፣ ከቦዩ ወለል በታች የምትወርዱት 3 ሳይሆን 4 ሚሊሜትር ነው። ሽቦው የሚጠብቃችሁ እዚያ ነው። ስለዚህ ጥልቀት መለኪያውን ይዛችሁ ጎማውን ዙሩት። በእያንዳንዱ ቦይ ላይ ብዙ ቦታ ለኩ። ሁሉንም ጻፉ። ቢላውን የምታስተካክሉት በትንሹ ቁጥር ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ጎማው ሌላ ችግር አለው፤ አሰላለፉን፣ ንፋሱን ወይም ሞላውን አስፈትሹ። እንዲህ ያለ ጎማ ለመቁረጥ ጥሩ አይደለም።

ስትለኩ በቦዩ ውስጥ ያለችውን፣ ጎማው ማለቁን የምታሳየውን ትንሽ ጉብታ አትርገጡ። እሷ ላይ የተለካ ቁጥር 1.6 ሚሊሜትር ያህል ያጭበረብራችኋል።

ጎማዬ ሙሉ በሙሉ ተልጧል። ይነሳል?

አይነሳም። ቦይ የሚጠልቀው ገና 2፣ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ጥርስ እያለ ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ ላይ የድሮውን መስመር የሚመራችሁ ነገር የለም። በዚያ ላይ የትኛው ቦታ ላይ ምን ያህል ጎማ እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የምትጠብቁትም ነገር በልኩ ይሁን። አንድ አዲስ የጭቃ ጎማ ከ14 እስከ 17 ሚሊሜትር ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። ቦይ ማጥለቅ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ይመልሳል። ዕድሜ ያስረዝማል እንጂ የጭቃ ጎማን እንደ አዲስ አያደርግም።

ጥርስ መቅረጽስ ምን ይጠቅመኛል?

ከመንገድ ውጪ ለሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። ጎማው ሲያልቅ የሚጠፋው ጥልቀት ብቻ አይደለም። ጠርዝም ይጠፋል። አዲስ ጥርስ ጠርዙ ሹል ነው፤ መሬቱን ይነክሳል። ያረጀ ጥርስ ጠርዙ ክብ ሆኖ ይንሸራተታል። ጥርሱን መሃል ለመሃል ብትከፍሉት አንዱ ጥርስ ሁለት ይሆናል። ሁለት አዲስ ሹል ጠርዝ አገኛችሁ ማለት ነው። ደግሞም የተከፈለ ጥርስ ይለሰልሳል። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ተጣጥፎ የድንጋዩን ቅርጽ ይይዛል።

የምትቆርጡት እንደ መሬቱ ነው። ለጭቃ ከሆነ ዋናው ጠላት ጭቃው ራሱ ነው። በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ይደርቅና ጎማውን እንደ ዳቦ ያድበለብለዋል። ስለዚህ የትከሻውን፣ ማለትም መሬት የሚነካው ፊት ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ፣ ጥርሶች መካከል አስፉ። ከመሃል ወደ ጎን የሚወጣ ሰፊ መውጫ ይኑር። መውጫው ወደ ውጭ እየሰፋ ቢሄድ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። ለድንጋይ ከሆነ ግን ብዙ ጎማ አታንሱ። የመሃሉን ጥርሶች በአግድም ክፈሉ፤ የትከሻውን ሙሉ ተዉ። ሹል ድንጋይ ላይ ቀጭን ጥርስ ይገነጠላል።

ለአሸዋ አትድከሙ። አሸዋ ሰፊና ለስላሳ ጎማ፣ ንፋሱም ዝቅ ያለ ነው የሚወደው። አሸዋ ላይ ያለቀ ጎማ ከጥርሳሙ የተሻለ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ።

ትከሻው ላይ ስትቆርጡ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። የሽቦ ቀበቶው ጠርዝ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ጎማ ሲሽከረከር ከፍተኛው ውጥረትና ሙቀት ያለው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ቀበቶ የሚላቀቀውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ተነስቶ ነው። የጎማውን ጎን ደግሞ በፍጹም አትንኩ። ጎኑ ላይ ያለው ጎማ ስስ ነው፤ ሥሩ ቀጥታ ክር ነው።

ብጣት የሚባለው ነገር ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን በቦታው። እርጥብ ድንጋይና በረዶ ላይ ቀጫጭን ብጣቶች ጥርሱ ሲጫን ይከፈታሉ። ብዙ ትንንሽ ጠርዝ ይፈጥራሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆን ሳይፕ የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ በእንግሊዝኛም ብጣቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሹል ጠጠር ላይ ለሚሠራ መኪና ግን አልመክርም። ብጣት የበዛበት ጥርስ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እያለ ይበጠሳል። ከባድ ጭነት ላለውም እንደዚያው። ጥርሱ ሲወዛወዝ ይሞቃል፤ የሚሞቅ ጎማ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ብትበጡ ከቦዩ ወለል 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ጥርሱ ሥሩ አንድ ላይ ተያይዞ ይቅር።

ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? በግራይንደር አይሆንም?

ለዚህ ሥራ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጎማ መቁረጫ አለ። መልኩ እንደ ካውያ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ቀጭን ምላጭ ይታሰራል። ኤሌክትሪክ በምላጩ ውስጥ ሲያልፍ ምላጩ ይግላል። የጋለው ምላጭ ጎማውን እንደ ቅቤ ሸርፎ እንደ ሪባን ያወጣዋል። ሙቀቱን ማስተካከያ ያለውን ምረጡ።

ምላጮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ታችኛው ጫፋቸው ክብ የሆነና ታችኛው ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆነ። ቦይ ለማጥለቅ ክቡን ውሰዱ። ጠፍጣፋው ቦዩ ሥር ሹል ማዕዘን ይተዋል። ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። ጠፍጣፋው ጥርስ ለማንሳት ይመቻል።

ግራይንደር ጥልቀት አይጠብቅም። እጃችሁ አንዴ ብትስት ሽቦው ላይ ናችሁ። ጎማውንም ያቃጥለዋል፤ ጠርዙም ይደፈጠጣል። ተራ ቢላም አትሞክሩ። ጎማ ቢላ ይይዛል፣ እናንተ ትገፋላችሁ፣ ከዚያ ድንገት ይለቃል። የሚቆረጠው እጅ ነው።

ከዚህ ሌላ ጥልቀት መለኪያ፣ ኖራ ወይም ነጭ ማርከር፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ መነጽር፣ ጥሩ ክሪክና መደገፊያ፣ ታኮ። ትርፍ ምላጭም ያዙ፤ ይሰበራል።

ሥራውን እንዴት ልጀምር?

ከተጣለ ጎማ ጀምሩ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። እኔ መጀመሪያ የቆረጥኩት ጎማ ላይ እጄ አልፈታም ነበር። ቢላው ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩ ይጣመማል። ደግነቱ የተጣለ ጎማ ነበር። ሆን ብዬ ቢላውን እያጠለቅሁ ሄድኩና ሽቦው ብቅ ሲል አየሁት። ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም። ከእናንተ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ሞዴል የሆነ የተጣለ ጎማ ካገኛችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ቆርጣችሁ ከቦዩ ወለል እስከ ሽቦው ያለውን በዓይናችሁ ለኩ።

ወደ ራሳችሁ ጎማ ስትመጡ መጀመሪያ እጠቡት። በደንብ ይድረቅ። የተሰነቀረ ጠጠር፣ ሚስማርና ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ ንቀሉ። የጋለ ምላጭ ጠጠር ካገኘ ወይ ይሰበራል ወይ አቅጣጫ ይስታል። ጠጠር የነቀላችሁበትን ጉድጓድ ውስጡን እዩ። ጥልቅ ከሆነና ሽቦ ወይም ዝገት ከታየ ጎማው ለመቁረጥ አይሆንም። ጎኑን በእጃችሁ ዳሱ። እብጠት፣ ስንጥቅ ወይም የቆየ ጥልቅ ቁስል ካለው ተዉት።

ጎማው ቸርኬው ላይ ታስሮ ንፋስ ይኑረው። ንፋስ የሌለው ጎማ ከቢላው ይሸሻል፤ ጥልቀቱም ይዛባል። ንፋሱ የወትሮው ይሁን፤ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ አይለፍ። መኪናው ላይ እንዳለ ለመሥራት ካሰባችሁ ደልዳላ ቦታ አቁሙት፣ ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ ያዙ፣ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በመደገፊያ አስቀምጡት። ጎማው በእጅ ሲገፋ መዞር አለበት።

አሁን መስመሩን ሳሉ። ጎማውን ሙሉ ዙሩበት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከጥርስ ጥርስ እኩል ነው? ግራና ቀኙ ይመሳሰላል? ኖራ ይጠፋል፤ የተቆረጠ ጎማ ግን አይመለስም።

ምላጩን አግሉና በጥራጊ ጎማ ላይ ሞክሩት። ሳትገፉት በቀላሉ ከሄደ ሙቀቱ ትክክል ነው። ከባድ ጭስ ካወጣና የቆረጠው ቦታ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ በዝቷል። መግፋት ካስፈለጋችሁና ጠርዙ ከተቀደደ አንሷል። እየቆረጣችሁ ባላችሁበት አታቁሙ፤ የቆመ ምላጭ አንድ ቦታ ላይ እየሰመጠ ያቃጥላል። እንቅስቃሴው ቀስ ያለና የማያቋርጥ ይሁን። ሰውነታችሁ ከቢላው መንገድ ውጪ ይሁን።

አንድ መስመር ስትጨርሱ ጥልቀቱን ለኩ። ከዚያ ሌላው። የቢላው ማሰሪያ ብሎን በሙቀት ይላላል። ምላጩ ሳታውቁ 1 ሚሊሜትር ቢወጣ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ከ10 ጥርስ በኋላ ሁልጊዜ አቁሜ አጠብቀዋለሁ። አንድ ጎማ ላይ ግማሽ ቀን መፍጀት የተለመደ ነው። ሲደክማችሁ ተዉትና ነገ ጨርሱት።

ሽቦ ብቅ አለብኝ። ምን ላድርግ?

ንፋሱን አውጡ። ጎማውን ከሥራ አስወጡ። በማጣበቂያ ወይም በማስቲሽ ሸፍኖ መንዳት አይሆንም። በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባል። ሽቦው ይዝጋል። ዝገቱ በሽቦው ላይ እየሮጠ ጎማውን ከሽቦው ያላቅቃል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ጭነት ላይ፣ ሙቀት ውስጥ ነው ጉድ የሚሠራችሁ።

ጭሱ ይጎዳል?

አዎ። የሚቃጠል ጎማ ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ደጅ ወይም ንፋስ በሚያልፍበት ቦታ ሥሩ። ተራ የአቧራ ማስክ ጋዙን አይዝም፤ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለውን አድርጉ። ልጆች አጠገባችሁ አይቁሙ።

የተቆረጠውን ጎማ ፊት ላይ ልሰረው?

ፊት ላይ አትሰሩት። የኋላ ጎማ ሲፈነዳ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን መቆጣጠር ይቻላል፤ በተለይ ጥንድ ጎማ ከሆነ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ ግን መሪው ከእጅ ይወጣል። በአሜሪካ ደንብ ቦዩ የጠለቀ ጎማ የመሸከም አቅሙ 2,232 ኪሎግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ በጭነት መኪና ፊት ላይ መታሰር የለበትም። አውቶቡስ ፊት ላይ ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። የእናንተ አገር ሕግ ከዚህ የጠበቀ ሊሆን ስለሚችል ከቢላው በፊት እሱን ጠይቁ። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ።

ኋላ በጥንድ ስታስሩ ሁለቱ ጎማዎች ቁመታቸው እኩል ይሁን። ካልሆነ ረጅሙ ጭነቱን ሁሉ ይሸከማል።

አስፋልት ላይ ብነዳበትስ?

ጎማው ሪግሩቨብል ከሆነና በአምራቹ ልክ ከተቆረጠ፣ ሕጉም ከፈቀደ፣ ይነዳል። ለጭቃ ብላችሁ በራሳችሁ ቅርጽ የፈለፈላችሁት ጎማ ግን ሌላ ነው። ጥርሱ ስለቀነሰ ይወዛወዛል። ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ በፍጥነት ሲነዳ ይሞቃል። ድምፁም ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ጎማ ከመንገድ ውጪ ለሚሠራ መኪና ብቻ ተዉት። ባላንሱንም አሠሩ። በእጅ የተቆረጠ ጎማ ዙሪያው እኩል አይመዝንም።

የድሮ የወታደር መኪና ጎማ አለኝ። ሽቦ የለውም ይባላል። እንደፈለግኩ ልቁረጠው?

እንደ አሜሪካ ወታደር ጂፕና ጭነት መኪና ያሉ መኪኖች ድሮ ይታሰርላቸው የነበረው ጎማ ክሩ ተሻግሮ የተደራረበ ዓይነት ነው። ጥርሱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል እንዲሠራ ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ጭቃ ላይ ይሞላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ብዙ ባለቤቶች የሚፈለፍሉት። እውነት ነው፣ እንደ ራዲያል (ክሩ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚሄድ) ጎማ የሽቦ ቀበቶ የለውም። ግን ክር አለው። ክሩ ከተነካ ጎማው ያው ይሞታል። ደግሞ የእነዚህ ጎማዎች ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ አይተናነስም። መጀመሪያ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። እንደ እንጨት ከደረቀ አትልፉበት።

ሌላ አደገኛ ነገር አለ። የድሮ ከባድ መኪና ቸርኬ ብዙ ጊዜ በቀለበት የሚያዝ ባለብዙ ክፍል ነው። ይህን ቤት ውስጥ አትፍቱ፤ ቀለበቱ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። መከላከያ ፍርግርግ ያለው ጎሚስታ ጋ ውሰዱት።

ኋላ ጎማውን ማሳደስ (በአሮጌው ገላ ላይ አዲስ ጥርስ ማስለበስ) እፈልጋለሁ። ብቆርጠው ያበላሽብኛል?

በልኩ ከተቆረጠ አያበላሽም። የብዙ ጭነት መኪና ጎማ ሕይወት እንዲያውም እንዲህ ነው የሚሄደው፦ መጀመሪያ ጥርሱ ያልቃል፣ ቦዩ ይጠልቃል፣ ከዚያ ይታደሳል። ጥልቀቱን ካለፋችሁና ሽቦው ከዛገ ግን የእድሳት ቦታው ጎማውን አይቀበላችሁም። ጥሩ የጎማ ገላ ካላችሁ ከ1 ሚሊሜትር ጥርስ ይልቅ እሱን ጠብቁ።

ከቆረጥኩ በኋላ ምን ልከታተል?

የመጀመሪያዎቹን 50 ኪሎሜትሮች ያለ ጭነት፣ በዝግታ ንዱ። ቁሙና ጎማውን በእጃችሁ ንኩት። ከጎረቤቱ ጎማ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ ንፋሱን ለኩ፤ ንፋሱ ልክ ሆኖ ከሞቀ አውልቁት። የቦዮቹን ሥር በባትሪ እያበራችሁ እዩ። በቦዩ ርዝመት የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ መጥፎ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ ድንጋያማ ቦታ ውላችሁ ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ፣ የተሰነቀረውን ጠጠር ንቀሉ። አሁን ከቦዩ እስከ ሽቦው ያለው መንገድ አጭር ነው። ድሮ ጠጠር አንድ ወር ቢቆይ ምንም አይል የነበረው ጎማ፣ አሁን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊበሳ ይችላል። እኔ ለዚህ የምጠቀመው ጫፉ የደነዘዘ አሮጌ ካቻቪቴ ነው። ሹል ከሆነ ጎማውን ራሱ ይወጋል።